እማማ፣ እስቲ ፌስታሉን ያሳዩኝ

የዛሬዋ ጠያቂያችን የአምስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ናት። ደሴ ውስጥ ዋርድ (ታማሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ላይ አታችመንት፣ ማለትም የተግባር ልምምድ፣ እየሠራች ነው። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። የእሷንም የሆስፒታሉንም ስም ትቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያ ምርጫዬ ሕክምና ነበር፣ ፋርማሲ ደረሰኝ። በኋላ ግን ወደድኩት። ችግሩ የጀመረው ዋርድ ስወጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ራውንድ ላይ (ሐኪሞቹ ታማሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ) አንድ የ65 ዓመት አባት ቫንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ታዞላቸው አየሁ። ክሬቲኒናቸው (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ከፍ የሚለው ልኬት) 3.2 ነው። እየፈራሁ ‹ዶዙ ትክክል አይደለም› አልኩ። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) ዞር ብሎ ‹የፋርማሲ ልጅ ነሽ? አንቺ ስቶር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ንገሪን› አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ቆሜ አፌን ዘግቼ ነው የምውለው። በማግስቱ ዶዙ ተስተካክሎ አየሁት፤ ማን እንዳስተካከለው አላውቅም። አጎቴ ደግሞ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ሊከፍት ነው። ‹ስትመረቂ ፈቃድሽን ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ በየወሩ ትቀበያለሽ› ይለኛል። አባቴም ‹ሥራ በጠፋበት ዘመን ምን ትፈልጊያለሽ?› ይላል። ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው፣ ታማሚ አጠገብ ሆኖ መድኃኒቱን መከታተል፣ እዚህ አገር ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው? ወይስ እኔ ነኝ ያልቻልኩት?»

እህቴ፣ አብሽሪ። የወሎ ልጅ ስለሆንሽ ቃሉን አልፈታልሽም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ። የአባትየውን ክብደት አልጻፍሽልኝም። 60 ኪሎ ናቸው እንበል። ከ140 ላይ 65 ሲቀነስ 75 ነው። በ60 ስታባዢው 4,500። ይህን 72 በ3.2 ተባዝቶ ለሚገኘው ለ230.4 አካፍይው። 19.5 ይመጣል። ክሊራንስ የምንለው ይህ ነው፤ ኩላሊታቸው በደቂቃ የሚያጣራው በሚሊሊትር። ሴት ቢሆኑ ኖሮ በ0.85 ታባዢው ነበር። ኮክሮፍትና ጎልት በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጡት ያው የምታውቂው ቀመር ነው። የጤነኛ ወጣት ኩላሊት መቶና ከዚያ በላይ የሚያጣራውን፣ የእኚህ አባት 20 እንኳ አይሞላም። ቫንኮማይሲን ደግሞ የሚወጣው በኩላሊት ነው። በየ12 ሰዓቱ ሲሰጥ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባና ይጠራቀማል። የተጠራቀመው መልሶ ኩላሊቱን ይጎዳል። በደም ውስጥ ያለውን መጠን ለክተን እንዳናስተካክል ምርመራው በየሆስፒታሉ አይገኝም። ስለዚህ ያየሽው ነገር ልክ ነበር። በማግስቱ የተስተካከለውም ልክ ስለነበር ነው። አንቺ ተናግረሽ በሌላ ሰው እጅ ተጻፈ። በዚህ ሙያ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ይገጥምሻል፤ ከአሁኑ ልመጂው።

አንድ ነገር ግን ላክልበት። የመጀመሪያው ዶዝ በክብደት ነው የሚሰጠው። ኩላሊት ደከመ ተብሎ እሱ አይቀነስም። የሚራራቀው ቀጣዩ ነው። ክሬቲኒኑ በየቀኑ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቀመሩ ራሱ ይዋሻል፤ ከሚሰጥሽ ቁጥር በታች እንደሆነ ገምቺ። ይህን የምነግርሽ ሬዚደንቱ በንዴት ሳይሆን በእውቀት ቢጠይቅሽ ምን ትመልሺ ነበር ብዬ ስላሰብኩ ነው። «ዶዙ ትክክል አይደለም» ብለሽ ስታቆሚ፣ ሰውየው ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት፣ ወይ አንቺን ማሳነስ። የቀለለውን መረጠ። ነውር ነው፣ አላስተባብልለትም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ በይው፦ «ዶክተር፣ የዛሬ ክሬቲኒናቸው 3.2 ነው። ክሊራንሱን ሳሰላው 20 አካባቢ መጣልኝ። የመጀመሪያውን ዶዝ ወስደዋል። ቀጣዩን በ24 ሰዓት ብናደርገውና ነገ ክሬቲኒኑን ደግመን ብናይ ምን ይመስልሃል?» ቁጥሩም መፍትሔውም አብሮት አለ። «እሺ» ለማለትም ቀላል ነው። እንዲህ ያለውን ከተቻለ ራውንዱ ሳይጀመር፣ ኮሪደር ላይ ንገሪው። ታማሚው አጠገብ አይሁን።

የሬዚደንቱ አነጋገር ከየት መጣ ካልሽ፣ ጊዜውን አስቢው። ፋርማሲ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እዚህ አገር መሰጠት ከጀመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተማሪው ዋርድ ገብቶ ታማሚ እንዲከታተል የሚያደርገው ሥርዓተ ትምህርት ግን የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሬዚደንቶቹን ያስተማሩ ብዙ ሲኒየሮች የሚያውቁት ፋርማሲስት መስኮት ውስጥ የነበረውን ነው። በመስኮቱ እጅ ይገባል፣ ማዘዣ ይሰጣል፣ መድኃኒት ይወጣል። ፊቱን እንኳ በቅጡ አያዩትም ነበር። አንቺ ከመስኮቱ ወጥተሽ አልጋ አጠገብ ስትቆሚ «ይቺ ደግሞ ምን ልታደርግ መጣች?» ይላሉ። መልሱን በአፍ ስለነገርሻቸው አይገባቸውም። እየሠራሽ ስታሳያቸው ግን ይገባቸዋል። ያውም በወር በሁለት ወር።

እኔም በስህተት ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። አንድ ወጣት ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ 80 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ታዞለታል። ካርዱ ላይ ክብደቱ 62 ኪሎ ይላል። 160 ለ62 ሲካፈል በኪሎ 2.6 ነው፤ መጽሐፉ ከ3 እስከ 5 ይላል። ያዝኳቸው አልኩ! ራውንዱ መሃል ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዶዙ አንሷል» አልኩ። ሲኒየሩ አልተቆጣኝም። የልጁን ብርድ ልብስ ገለጥ አደረገና ክንዱን በሁለት ጣቱ ከቦ አሳየኝ። አውራ ጣቱና መሃል ጣቱ ተገናኙ። ካርዱ ላይ ያለው ክብደት ካለፈው ዓመት የተገለበጠ ነበር። ልጁ በቲቢ ከስቶ ስንመዝነው 41 ኪሎ ሆነ። ለ41 ኪሎ 160 ሚሊግራም ልክ ነው፣ 3.9 ይመጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚዛኑን ከተመላላሽ ክፍል ተሸክሜ ወደ ዋርድ ማምጣት ልማዴ ሆነ። ነርሶቹ «ሚዛኑ መጣ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አሁንም ድረስ የሚጠሩኝ አሉ።

ነርሶችን ካነሳሁ አይቀር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዋርድ ድረሺ። ሐኪሞቹ ሞርኒንግ፣ የጠዋት ስብሰባቸው፣ ላይ ሆነው ማለት ነው። ከሲስተሮቹ ጋር የመድኃኒት መስጫውን ወረቀት አብረሽ እይው። የታዘዘውን ካርዱ ይነግርሻል። የተሰጠውን የሚያውቁት ግን ሲስተሮቹ ናቸው። ሁለቱ ሁሌ አንድ አይደሉም። መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ተብሎ አስታማሚው ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ዞሮ አጥቶት ይሆናል። ወይም ገንዘቡ ለሁለት ቀን ብቻ በቅቶት ይሆናል። ሐኪሙ ደግሞ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሊቀይረው እያሰበ ነው። «ዶክተር፣ ከስድስቱ ዶዝ ሦስቱን ነው ያገኙት» ስትይ ዞሮ የማያይሽ ሐኪም የለም። ለዚህ ደግሞ ጎበዝ መሆን አይጠይቅም። ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው።

እያንዳንዱን መድኃኒት በአራት ጥያቄ አሳልፊው። ለዚህ ሰው ያስፈልገዋል? እየሠራለት ነው? አይጎዳውም? ደግሞስ ይወስደዋል? ክፍል ውስጥ ረጅም ስም ተሰጥቶት ተምረሽዋል። ተማሪ ሦስተኛው ላይ ይጣደፋል። ኢንተራክሽን (አንዱ መድኃኒት ከሌላው ጋር ሲጋጭ) ማግኘት ያስደስታል፤ ስልክ ላይ ያለው አፕልኬሽን ቀይ ያበራልሻል። እኔን የምትጠይቂኝ ከሆነ ግን ደሴ ውስጥ ሥራው ያለው አራተኛው ላይ ነው። ይወስደዋል ወይ? አፕልኬሽኑ ይህን አያውቅም።

አንድ ቀን ክትትል ክፍል አንዲት እናት ከኩታበር መጡ። ግፊታቸው 180 በ100 ነው። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሙ አራተኛ ሊጨምር እስክሪብቶውን አንስቷል። «ዶክተር፣ አምስት ደቂቃ ስጠኝ» አልኩትና አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ብል መልሱን አውቀዋለሁ። «አዎ ልጄ» ነው። ሐኪም ፊት አልወስድም የሚል የለም። ስለዚህ «እማማ፣ እስቲ ፌስታሉን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጥቁር ፌስታል ነው፣ ሁለቴ ተቋጥሯል። ቋጠሮውን እሳቸው በጥፍራቸው ፈቱት። አምሎዲፒኑ ተጋምሷል። ኢናላፕሪሉ ግን ባለፈው ክትትል እንደተሰጣቸው ነው፣ አንድም ፍሬ አልጎደለም። «ይኼ ሳል አመጣብኝ፣ ሌሊት አላስተኛኝ አለ፤ ተውኩት» አሉኝ። ደረቅ ሳል። ኢናላፕሪል የታወቀበት ነው። ስንት ወር ክትትል ሲመጡ ግን «ሳል አለብዎት?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ከፌስታሉ ሥር ደግሞ ዳይክሎፌናክ ወጣ። «ይኼስ?» «እሱ የጉልበቴ ነው። ለሶላት ስጎነበስ ይዘኛል። ሰኞ ገበያ ስመጣ እገዛለሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።» ማንም ማዘዣ አልጠየቃቸውም።

ዳይክሎፌናክ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ከነኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲደመር ደግሞ ለኩላሊት ክፉ ነው። ያ አራተኛ መድኃኒት ቢጨመርላቸው ፌስታሉ ከመክበዱ በቀር ምን ሊጠቅማቸው ነበር? ለሐኪሙ ነገርኩት። ኢናላፕሪሉ በሎሳርታን ተቀየረ፤ እሱ እንደዚያኛው ሳል አያመጣም። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ታዘዘላቸው። ሶላቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ እንደሚችሉ ያስረዷቸው ደግሞ አብረዋቸው የመጡት ጎረቤት ናቸው፤ እኔ አልደፈርኩም። በወሩ ሲመጡ ግፊታቸው 140 በ85 ሆነ። አንድ ጆግ እርጎ ይዘውልኝ መጡ። አልቀበልም ብል ይቀየሙኝ ነበር።

ክሊኒካል ፋርማሲ እዚህ አገር ወረቀት ላይ ብቻ ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ የማውቀው ይህንን ነው። ፌስታል መፍታት። በአንዳንድ ሆስፒታል ክሊኒካል ፋርማሲስቱ ጠረጴዛም ወንበርም የለውም፣ እውነት ነው። ሰው ሲጎድል ከዋርድ ጠርተው መስኮት ላይ ያስቀምጡታል። ያበሳጫል። ግን መስኮት ላይም ፌስታል ይመጣል።

የእኛን አገር ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ መጽሐፉ ላይ ብዙ አታገኚውም። ጾም። ደሴና ኮምቦልቻ የስኳር ታማሚ እያየሽ ረመዳንን ካልጠየቅሽ ግማሹ ሥራ አመለጠሽ። ስኳር የሚያወርደውን ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው በሱሁር ኪኒኑን ውጦ ቀኑን ሙሉ ቢጾም ስኳሩ ሊወርድና ራሱን ሊስት ይችላል። ብዙዎቹ ደግሞ «አትጹም ይሉኛል» ብለው ይደብቁሻል። ስለዚህ ሻባን ላይ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጠይቂ። «ዘንድሮ ሊጾሙ አስበዋል?» በይ። ፊትሽ ላይ ቁጣ አይኑር። መጾም የሚያሰጋቸውን ለይተሽ ለሐኪሙ አሳውቂ። ለሌሎቹ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ወደ ኢፍጣር አስተካክሉ። ስኳራቸው ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን በዚያው መፍታት እንዳለባቸው ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆዩትም ያው ነው። ጥቁር አዝሙዱንም ዳማከሴውንም እንዲሁ ጠይቂ። አንዴ ከሳቅሽባቸው ሁለተኛ አይነግሩሽም።

ወደ አጎትሽ ልምጣ።

ፈቃድ ማከራየትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግድግዳው ላይ የአንዷ ፎቶና ስም ይሰቀላል። ባንኮኒው ጋ ደግሞ የባለቤቱ የእህት ልጅ ትቆማለች። ገንዘቡ ደስ ይላል፣ አልዋሽሽም። ግን ምን እንደምታከራዪ እይው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ነው። ሰው ከፈረቃ ወጥቶ ደክሞት ይመጣል። «ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ይላል። ባንኮኒ ላይ ያለችው ልጅ ሁለት ፍሬ ቆርጣ ትሰጠዋለች። ሌላው ያለ ማዘዣ ትራማዶል ይጠይቃል። ለእሱም ትሰጠዋለች፤ ባለቤቱ ሽያጭ ይፈልጋላ። አንዲት እርጉዝ መጥታ ለራስ ምታት የሆነ ነገር ትጠይቃለች። ወሩን ሳትጠይቃት ያን ዳይክሎፌናክ ትሰጣታለች። የዚያን ቀን አንቺ ደሴ ነሽ፣ ቤትሽ ተኝተሻል። ግድግዳው ላይ ያለው ስም ግን የአንቺ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠራው እሱ ነው። ነገር ከመጣም ፖሊስ ጣቢያ የሚጻፈው እሱ ነው። አጎትሽ ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ለእሳቸው የንግድ ፈቃድና የሙያ ፈቃድ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው የሚመስላቸው። ልዩነቱን የምታስረጃቸው አንቺ ነሽ።

አሁን የምለው ምናልባት ያስገርምሽ ይሆናል። ኮምቦልቻ ሂጂ ብልሽስ? ራስሽ ሄደሽ፣ ጋውንሽን ለብሰሽ፣ ባንኮኒው ኋላ ቁሚ። የሆስፒታል ቅጥር እንደ ድሮው ምደባ ሆኖ አይጠብቅሽም። የመውጫ ፈተናውንና የሙያ ብቃት ምዘናውን አልፈው ማስታወቂያ ሲያሳድዱ ዓመት የሞላቸው ልጆች አውቃለሁ። አባትሽ የፈሩት ከባዶ ተነስተው አይደለም። ለአጎትሽ «ፈቃዴን አላከራይም፣ ግን ቅጠረኝ» በያቸው። ግፊት መለኪያ ይግዙልሽ። ለአንድ ታማሚ አምስት ደቂቃ የሚሆን ሁለት ወንበር ያስቀምጡልሽ። ያለ ማዘዣ የማይሸጠውን አልሸጥም ስትይ ከጎንሽ ሊቆሙ ይስማሙ። ይህን ከፈቀዱ ዋርድ ላይ የተማርሽው አንዱም አይባክንም። በኋላ ማስተርስ በክሊኒካል ፋርማሲ መቀጠል ብትፈልጊም፣ ሁለት ዓመት ሰው ያዋራ ሰው ሆነሽ ትገቢያለሽ። ካልፈቀዱ ደግሞ «አመሰግናለሁ» ብለሽ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ወደ ደሴ ተመለሺ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህን ግን ስትመረቂ ትወስኚዋለሽ። አሁን ዋርድ ላይ ስንት ሳምንት እንደቀረሽ አላውቅም። ነገ ጠዋት ከኋላው ተርታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቁሚ። ሰባት ታማሚ አትያዢ፤ ሁለት ያዢ። ስማቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የዛሬውን የላቦራቶሪ ውጤት፣ ትናንት ያመለጣቸውን ዶዝ እወቂ። ለእነዚያ ለሁለቱ ማንም ከአንቺ በላይ የማያውቅ ይሁን። ስቶር ውስጥ ያለውንም እወቂ። ሬዚደንቱ «አለ ወይ?» ሲልሽ «የለም፤ ግን ይኼኛው አለ፣ ለኩላሊታቸውም ይሻላል» በይው። ለስድብ ያላትን ነገር ሥራ አድርጊያት።

እኚያ የ65 ዓመት አባት እስካሁን ካልወጡ ደግሞ የዛሬውን ክሬቲኒን እዪላቸው። አልጋቸው ሥር ፌስታል አይጠፋም።

ለአጎትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። መድኃኒት ቤቱን መክፈታቸው ካልቀረ፣ ለኢንሱሊኑ ፍሪጅ ሲገዙ ቴርሞሜትሩን አብረው እንዲገዙ ንገሪያቸው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ አይደለም፣ ይሞቃል፤ መብራቱም ይሄዳል።